ሳላነበው ያጠፋሁት የአቶ ግርማ የሕይወት ታሪክ

እስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ የትም አይሄድም ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ ይህን ታሪክ ልንገራችሁ። እኔም እንደ እናንተ አምን ነበር። ያውም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ እኮ! ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ጀማል እባላለሁ። አባቴ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ እኔ ግን ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬ ተምሬ፣ ድሬ ተደባድቤ ያደግኩ ነኝ። ሀርጌሳ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። 31 ሜይ ሠፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እዚህ ያለው አማርኛ ተናጋሪ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይሁን የአየር መንገድ ሰው፣ ኮምፒውተሩ አማርኛ አላነብም ሲለው ወደ እኔ ነው የሚሮጠው። እኔም ጉራዬን ነፋሁ። «አማርኛ ያመመው ኮምፒውተር ጀማል ጋ ይምጣ» እያልኩ ቀልድ ቢጤ ጣል አደርግ ነበር።

የጉራዬ ምንጭ ደግሞ አንዲት ዘዴ ናት። ኮምፒውተር ፊደል በታዘዘ ቁጥር ሁሌ ከጓዳ እየገባ አይፈልግም። አንዴ ያወጣውን ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲቀለው በአንድ ማህደር አስቀምጦ ይይዛል። ፎንት ካሽ የሚሉት ይህንን ነው። ማህደሩ ሲበላሽ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ማህደሩን ታጠፋላችሁ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ታደርጋላችሁ፤ ሲነሳ ራሱ እንደ አዲስ ይሠራዋል። በቃ! ሰው አፉን ከፍቶ ያያል፣ «እጅህ ይባረክ» ይላል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እትዬ ዘነበች ደወለችልኝ። እትዬ ዘነበች የአንድ የእርዳታ ድርጅት አስተዳዳሪ ናት፤ ሀርጌሳ ላለን ሁሉ እናትም፣ ዕድርም፣ ዳኛም እሷ ናት።

«ጀማል፣ አቶ ግርማ አርፈዋል፤ ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። አቶ ግርማ የዚያው ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው። ኩላሊታቸውን ሲታመሙ ከረሙ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለፉ።

«ሬሳው በስምንት ሰዓት በረራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል» አለችኝ። «ወንድማቸው አቶ ታምራት ሊወስዱት ትናንት ገብተዋል። ነገ ጠዋት ቀብር ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ኮምፒውተራቸው ላይ ትተውልን ሄደዋል፤ ስናትመው ግን ሳጥን ሆነ። ቶሎ ድረስልን።»

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ለቅሶ፣ ሰው ከመቀበሩ በፊት የሕይወት ታሪኩ ቆሞ በሕዝብ ፊት ይነበባል። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ የስንት ልጆች አባት ነው። ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው የሚጽፈው። አቶ ግርማ ግን «ሌላ ሰው እንዳይዋሽልኝ» ብለው ገና በእግራቸው ሲሄዱ ለራሳቸው ጻፉት። እትዬ ዘነበች ይህን ስትነግረኝ ገርሞኝ ሳቅኩ። አስተዋይ ሰው ናቸው አልኩ።

ቢሯቸው ገባሁ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። አቶ ግርማ ማታ ማታ እስክሪኑን ብቻ እያጠፉ ነበር የሚሄዱት፤ ሆስፒታል በገቡበት ቀንም እንደዚያው ትተውት ሄዱ። እስክሪኑን ስንከፍተው ጽሑፉ ቁጭ ብሏል። ያምራል! በጥቁር ደማቅ «አጭር የሕይወት ታሪክ» ይላል፤ ሥሩ ሁለት ገጽ ተጽፏል። ፕሪንተሩ ያወጣው ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች ሳጥን ብቻ ነው።

«ካሽ ነው» አልኩ፣ ገና ሳልቀመጥ።

እትዬ ዘነበች ስልኳን አወጣች። «ለማንኛውም እስክሪኑን ፎቶ ላንሳው?»

ይህችን ጥያቄ እስከምሞት አልረሳትም። እጄን አወዛወዝኩባት።

«ኧረ አቦ፣ እትዬ ዘነበች! የሰውየው የመጨረሻ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ? ነውር አይደለም? አሥር ደቂቃ ስጪኝ፤ በንጹሕ ወረቀት አወጣልሻለሁ።»

ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። እኔም አላነበብኩትም። የመጀመሪያውን መስመር አየሁ፤ «አቶ ግርማ ከእናታቸውና ከአባታቸው...» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ወደ ሥራዬ ሄደ። ካሹን የሚያስኬደውን ፕሮግራም አስቆምኩ፣ የካሽ ፋይሎቹን አጠፋሁ፣ ሪስታርት አልኩ።

ተነሳ። ፋይሉን ከፈትኩ።

አማርኛው የለም። በቦታው የፈረንጅ ፊደል፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ ተዝረክርኳል። ሁለት ገጽ ሙሉ።

«ይሄ ደሞ ምንድነው?» አለች እትዬ ዘነበች።

«ይስተካከላል» አልኳት።

ምን እንደሠራሁ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። አቶ ግርማ የሚጽፉት በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ሁላችንም የምንጽፍበት ዓይነት፣ ከታች ያለው የፈረንጅ ምልክት ሆኖ ላዩን የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው። ያ የአማርኛ መልክ ኮምፒውተሩ ላይ አልተጫነም። አቶ ግርማ መጻፊያውን ከፍላሽ ነበር የሚከፍቱት፤ ፊደሉም ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ፕሪንተሩ ያላገኘው ለዚህ ነው። ካሹ ምንም አልሆነም ነበር። እኔ ሪስታርት ስል ያ የአማርኛ መልክ ከነጭራሹ ሄደ። በሽተኛው ጤነኛ ሳለ ነው የገደልኩት።

«ፍላሻቸው የታለ?» አልኩ።

ፈለግን። መሳቢያ፣ ቦርሳ፣ የኮት ኪስ፣ የመጋዘኑ ጠረጴዛ። የለም። ሆስፒታል ሲገቡ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ማን እንደተቀበለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

አራት ሰዓት ሆነ። ሌላ የአማርኛ ፎንት ጫንኩበት፤ ሌላ ዓይነት ትርምስ ሆነ። ካሹን እንደገና አጠፋሁ። ለምን እንዳጠፋሁት አትጠይቁኝ፤ የማውቀው እሱን ነው። ሰው ሲጨንቀው የማያድነውንም መድኃኒት ይደጋግማል። ድሬ ላሉ ጓደኞቼ ደወልኩ። አንዱ ሳቀብኝ፤ «ያንን ፎንት ዛሬ ማን ያስቀምጠዋል?» አለኝ። አዲስ አበባ በድሮ ጊዜ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የነበራቸው አንዲት ሴትዮ «እፈልግልሃለሁ፣ ግን የድሮው ኮምፒውተሬ እህቴ ቤት ነው» አሉኝ። ኢንተርኔቱ እየተጎተተ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ አወረድኩ፣ ሞከርኩ፤ አንዱም አልሆነም።

አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ገባች። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ሒጃብ ለብሳለች። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች ስታያት ፊቷ ልውጥ አለ፤ ሄዳ አቀፈቻት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፦

«ሰሚራ ናት። የአቶ ግርማ ልጅ ናት።»

አላውቅም ነበር። የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አፋቸውን ይዘው ኖረዋል። እናቷ ዳሚ የሚባለው የሀርጌሳ የድሆች ሠፈር ሴት ነበረች፤ ሞታለች። አቶ ግርማ በየዓርቡ ዳሚ እየሄዱ ልጃቸውን ያዩ ነበር፤ አማርኛውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸውና ሦስቱ ልጆቻቸው ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ምንም አልሰሙም። ዳሚ ደግሞ ሰው «አባትሽ ማነው?» ይላል። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስትጠየቅ ኖራለች።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

«እየሞከርኩ ነው።»

«ሆስፒታል ሊገባ ሲል እዚህ ጠርቶኝ አሳይቶኛል» አለችኝ። «በዚሁ እስክሪን። የአራት ልጆች አባት ይላል። የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ይነበባል አለኝ። እኔ ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወላሂ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲል አቶ ታምራት ገቡ። ረጅም፣ ዓይናቸው በለቅሶ ያበጠ ሰውዬ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉኝ። «ግማሽ ሰዓት ነው ያለን። ወንድሜ አይደል? የማውቀውን እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ ጻፍ።»

ጻፍኩ። የት እንደተወለዱ። የት እንደተማሩ። ስንት ዓመት እንዳገለገሉ። ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ዝምተኛ። አቶ ታምራት እየተናገሩ ያለቅሱ ነበር። ከዚያም፦

«ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ።»

«የአራት» አለች ሰሚራ ከበሩ።

አቶ ታምራት ዞሩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እንዴት እንዳላወቋት አላውቅም፤ ግንባሯ ያው የወንድማቸው ግንባር ነው።

«ማን ናት?»

«ሰሚራ ግርማ ነኝ፣ አጎቴ» አለች።

«አጎቴ» ስትላቸው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። እትዬ ዘነበች ልትናገር ስትጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ቆይ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ነግሮሻል?»

«እሳቸውማ አልነገሩኝም» አለች እትዬ ዘነበች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ጽሑፉንም ታትሞ ይነበባል ብዬ አላነበብኩትም። ሰው ነው የነገረኝ። ግን...»

«ሰው ብዙ ይላል።» ወደ ሰሚራ ዞሩ። «ልጄ፣ ዋሽተሻል አላልኩም። ግን ነገ ጠዋት ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አገሩ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። እኔ ይህንን በሰው ወሬ አላስነብብም። እሱ ጽፎት ከሆነ ግን፣ አራትም ይሁን አሥር፣ እንደጻፈው አስነብባለሁ። ወንድሜ በእጁ የጻፈውን አልፍቅም። ይኸው ቃሌ ነው።»

«ጽፎታል! እዚያ ውስጥ አለ!» ኮምፒውተሩን በጣቷ አሳየች።

አቶ ታምራት ወደ እኔ መጡ።

«ጠዋት ክፍት ነበር አሉኝ። አማርኛው ይታይ ነበር።»

«ይታይ ነበር።»

«አንብበኸዋል?»

ሰሚራ አየችኝ። ዓይኗ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ። አንብቤዋለሁ በል። አራት ይላል በል። አንድ ቃል።

«አላነበብኩትም» አልኩ።

«በእምነትህ? አንድ መስመርም አላየህም?»

«ወላሂ፣ ስለ ልጆች የሚለውን አላየሁም።»

እውነት ነው። እውነት ነው የተናገርኩት። እስከ ዛሬ ሰው ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን ታደርግ፣ ልትዋሽ ነው?» ይለኛል። እሺ፤ አልዋሸሁም። ግን ልጅቷን አምኛት ነበር እኮ! ከልቤ አምኛታለሁ። «አላየሁም፣ ግን እውነቷን ነው» ማለት እችል ነበር። ይህንንም አላልኩም። ኮምፒውተሩ ያላሳየኝን ነገር ልመሰክር ከበደኝ። ከዚያም በላይ፣ ልንገራችሁ መቼስ፣ ፈራሁ። አሁን አንድ ቃል ብናገር «አንተ አይደለህ እንዴ ያጠፋኸው?» የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ ፈራሁ።

አቶ ታምራት ሰዓታቸውን አዩ። «ማውጣት ትችላለህ?»

«ዛሬ አልችልም።»

«እንግዲህ ሦስት ብለህ ጨርሰው።»

ጨረስኩት። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አንዲት ሳጥን የለበትም። እትዬ ዘነበች አንዱን ቅጂ ለሰሚራ ሰጠቻት። ልጅቷ ቆማ አነበበችው፤ በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችላት።

«ይሄ የሌላ ሰው ነው» አለች።

አየር ማረፊያው ድረስ ተከትላ መጣች። እኔም የተረሳ ቅጂ ይዤ ሄጄ ነበርና አየኋት። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጋ ከሾፌሮች መሃል ቆማ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ዳሚ የሚሄደው ላይ ወጣች። አላናገርኳትም። ምን ብዬ?

ፋይሉን በራሴ ፍላሽ ቀድቼ ይዤ በታክሲ ስመለስ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ትዝ ሲለኝም ራሴን በጥፊ መታሁ። ያንን ሁሉ ሰዓት ሁለቱን ገጽ ሙሉ ላድን ስታገል፣ የሚያስፈልገን አንድ ቃል ብቻ ነበር። ርዕሱን አውቀዋለሁ፣ ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አንድ በአንድ እየለቀምኩ «ሰሚራ» የሚለውን መፈለግ እችል ነበር። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ካሽ ሳጠፋ ዋልኩ።

በዘጠነኛው ቀን የአዲስ አበባዋ ሴትዮ ፎንቱን አግኝተው በቴሌግራም ላኩልኝ። ጫንኩት። ፋይሉን ከፈትኩ። አማርኛው እንደዚያን ዕለት ጠዋት ቁጭ አለ። በዚህ ጊዜ አነበብኩት፤ ቃል በቃል፣ ጣቴን እስክሪኑ ላይ እያስኬድኩ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ናቸው።» አራት ስም ተዘርዝሯል። የመጨረሻዋ ሰሚራ ናት። ከሥሩ ደግሞ፦ «አራተኛዋን ልጄን ሸሽጌ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷም የእናቷም አይደለም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ። ትልቅ ሰውዬ፣ ካቻቪቴ በእጄ ይዤ።

ወዲያው ለአቶ ታምራት ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልጮሁም።

«ጀማል» አሉኝ፣ «ያን ቀን ብታወጣው ኖሮ ቃሌን እጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ወንድሜ ተቀብሯል፣ ለቅሶተኛው ተበትኗል። አሁን ይህንን ይዤ ሚስቱ ጋ ብገባ፣ ወረቀቱን ከየት አመጣኸው ትለኛለች። ምን ልበላት? ሀርጌሳ ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ላከልኝ? ያኔ አላየሁም ብለህ የማልክልኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ የጻፍከው አንተ አለመሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«ፋይሉን ልላክልዎ፣ መቼ እንደተጻፈ ያሳያል...»

«ተወው ወንድሜ። የሰዎቹን ቁስል አታድማ።»

ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ደውዬ አንሥተውልኝ አያውቁም።

ወረቀቱን አትሜ ዳሚ ሄድኩ። ሰሚራ ከእናቷ በቀረችላት አንዲት ክፍል ቤት በር ላይ አገኘችኝ። ሰጠኋት። አልተቀበለችም።

«አንብብልኝ» አለችኝ። «ቆመህ። እዚያ እንደሚነበበው።»

ቆሜ አነበብኩ። የተወለዱበትን፣ የተማሩበትን፣ የሠሩበትን። የጎረቤት ሴቶች በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል፤ አማርኛ የሚሰማ አንድም የለም። ስሟንም አነበብኩ። ይቅርታውንም አነበብኩላት። ሰሚራ አላለቀሰችም።

«አሁን ሰማሁት» አለች። «ሌላ ግን ማንም አልሰማም።»

ካሳ የለውም። ሰው «ጊዜ ይፈታዋል» ይላል፤ ይህን የሚፈታ ጊዜ አላየሁም። ዛሬም ያው ሱቅ ውስጥ ነኝ። ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ እስክሪኑን ፎቶ አነሳለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ደንበኞቼ «ምን አገባህ የሰው ጽሑፍ?» እያሉ ይቆጡኛል። ይቆጡ። «ካሽ ነው» የምትለዋን ቃል ደግሞ በችኮላ አልናገራትም። እናንተም ግድ የላችሁም፣ ሥራችሁን የቱንም ያህል ብትችሉት፣ የሰው ነገር ፊታችሁ ሲቀመጥ ከመንካታችሁ በፊት አንብቡት። ያላያችሁትንም ቢሆን ካመናችሁት አፋችሁን አትያዙ። እኔ በሁለቱም አጠፋሁ።

የዚያን ቀን ከዳሚ ስወጣ ወረቀቱን እንድትወስደው ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ። «ከአዲስ አበባዎቹ ልጆቹ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ታሳየዋለህ።»

መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።